የመስታወት የአትክልት ቤት በጎጃም

የመስታወት የአትክልት ቤት ጣራውና ግድግዳው ብርሃን የሚያስገባ፣ ውስጡ እንደ ጓሮ የተተከለ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው። ከአበባ እርሻ ግሪን ሃውስ የሚለየው በዓላማው ነው። እርሻው ላይ ፕላስቲክ ስር ያደገው ጽጌረዳ ተቆርጦ ይሸጣል። እዚህ ግን ተክሉ እዚያው ሆኖ ይታያል፤ ቤቱም ራሱ የግቢው ጌጥ ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው፣ ለሎጅ ወይም ለሆቴል የሚሆን ነገር ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከአውሮፓ ፎቶ ሲቀዳ ነው። ያ ቤት የተፈጠረው ብርድን ለመሸሽ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የሚሸሸው ፀሐይ ነው።

የ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ብርቱካንና ሎሚ በእንጨት ሣጥን ተክለው፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገቡ ነበር። የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የብርቱካን ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 ነው። ጣራው ድንጋይ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው በደቡብ በኩል ካሉት ትልልቅ መስኮቶች ነው። ጣራውም መስታወት የሆነበት ግዙፍ ቤት የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ብረትና መስታወት ሲረክሱ ነው። እንግሊዝ የመስታወት ግብሯን በ1845 አነሣች። ለንደን፣ ኪው በሚባለው የዕፅዋት ማሳያ ሥፍራ የሚገኘው የዘንባባ ቤት በ1848 ተጠናቀቀ። በ1851 ለንደን ላይ ለታላቁ ኤግዚቢሽን የተሠራውን የብረትና የመስታወት አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስን፣ የነደፈው ጆሴፍ ፓክስተን ደግሞ ሥራውን የጀመረው በአትክልተኝነት ነው። ይህን ሁሉ ወጪ ያስወጣው ብርቱካን በእኛ አገር ወይና ደጋ ደጅ ላይ ይበቅላል።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጎጃም እናቶች ለድፎ ዳቦ ከጓሯቸው የሚቆርጡት ኮባ (እንሰት)፣ በአውሮፓ የመስታወት ቤት ውስጥ እንደ ብርቅ ተይዞ ኖሯል። በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ እንሰት ከነሥዕሉ ጽፏል። ዘሩ ኪው የደረሰው ግን በ1853፣ ምጽዋ ከነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ተልኮ ነው። የተቀበሉት ሰዎች ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር። በቅሎ ሲያድግ ነው የሙዝ ዘመድነቱ የታየው። እኔ ብጠየቅ የቤቱን መሃል የምሰጠው ለዚሁ ለኮባ ነው። ብርሃን ከኋላው ሲመታው ቅጠሉ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ መሃሉ ላይ የሚወርደው ወፍራም አከርካሪም ቀላ ብሎ ይታያል። ከውጭ በውድ የሚገዛ ዘንባባ ይህን አይሰጥም።

ወደ ንድፉ እንግባ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት ቀትር ላይ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ «ፊቱን ወደ ደቡብ አዙረው» የሚለው የአውሮፓ ምክር እዚህ ብዙም አይሠራም። ዋናው ሙቀት የሚገባው በጣራው ነው። ቀጥሎ የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳዎች ናቸው፤ ጧትና ማታ ፀሐይ በጎን ትገባባቸዋለች። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሆን ለፀሐይዋ የሚጋለጠው ጠባቡ ጎን ብቻ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ባሕር ዳር ላይ ጣራውን ሙሉ በሙሉ መስታወት ማድረግ ምድጃ መሥራት ነው። ጣራው ከፊሉ ድፍን ቢሆን፣ በተለይ ሰው በሚቀመጥበት በኩል፣ የሚጎድል ብርሃን የለም። መስታወት በሆነው ክፍል ላይ ደግሞ ጥላ ያስፈልጋል። ጥላው ከመስታወቱ በላይ፣ በውጭ በኩል ይሁን። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃ ቢዘረጋ ሙቀቱ ቀድሞ ገብቷል። ለዚህ የአዊ ቀርከሃ ጥሩ መፍትሔ ይሆናል። ተሰንጥቆ፣ ክፍተት እየተተወለት ይሠራና በብረት ፍሬም ላይ ይነጠፋል። ሲያረጅ ይቀየራል። የሠርግ ዳስ የሠራ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል።

ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጣራው አናት ላይ የሚከፈት መስኮት፣ ግድግዳው ግርጌ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ክፍተት ይሠራል። የጣራው መክፈቻ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ለ60 ካሬ ሜትር ወለል ከ9 እስከ 12 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ጣና ዳር ላይ የወባ ትንኝ ስላለ ክፍተቱ ሁሉ ወንፊት ያስፈልገዋል። ወንፊት ነፋሱን ስለሚቀንስ ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ ነው።

ደብረ ማርቆስ ሌላ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል። ወደ ጮቄ በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። እዚያ የአውሮፓው ቤት በከፊል ይሠራል። መስታወቱ ይበዛል፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ከወፍራም ጥቁር ድንጋይ ይገነባል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

በረዶ ግን በሁለቱም ቦታ ይዘንባል። ለጣራ የሚመረጠው ላሚኔትድ መስታወት ነው። መሃሉ ላይ የተጣበቀ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም ሰው ላይ አይወርድም። ቀለም ያለውና ፊት የሚያሳየው የሕንፃ መስታወት ቢቀር ይሻላል፤ የተክሉን ብርሃን ይቀማል። አሸንዳው ሰፊ ይሁን። በባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት እስከ 84 ሺህ ሊትር ይቀበላል። ሮቶ ገዝቶ ማጠራቀም ነው። የበጋው ውኃ ማጠጣት ከዚያ ይጀምራል።

ኩሬ ከሌለ የአትክልት ቤት ይጎድለዋል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ግን እምቦጭ በጭራሽ አይግባ። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በሐምራዊ አበባው ተወድዶ፣ ለኩሬ ጌጥነት እየተወሰደ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለኩሬ ዳር ይበቃል። ሥሩ እንዳይንሰራፋ በበርሜል ተተክሎ ውኃው ውስጥ ይቀመጣል። ከጥላው ስር ደግሞ እንደ ዘጌ ደን ቡና መትከል ይቻላል። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ሲያብብም ቤቱን በመዓዛው ይሞላዋል።

ለአጥንቱ ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ወይም አሉሚኒየም ይሆናል። እንጨት ከሆነ ጥድ ወይም ወይራ ይሻላል፤ ባሕር ዛፍ ግን እርጥበቱና ምስጡ አይለቁትም። አሉሚኒየም በሙቀት ከመስታወት በላይ ስለሚለጠጥ በመካከላቸው ጎማ ይገባል፤ ድርቅ ብሎ ከተገጠመ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሞቅ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ በቀላሉ ይራባሉ፤ የቅጠሉን ጀርባ በየሳምንቱ ገልብጦ ማየት የአትክልተኛው ሥራ ነው። ግንቦት ላይ አሸንዳው ይጠረጋል፤ ጎማውና ሲሊከኑ ይፈተሻል፤ የጣራው መስኮት ማጠፊያም ቅባት ይቀባል። መስከረም ላይ ክረምቱ መስታወቱ ላይ ያበቀለው አረንጓዴ ነገር በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል።