ጋማ የማይበላ የፈረስ የዝናብ ልብስ ምንድን ነው?

በአሜሪካና በአውሮፓ ፈረስ ልብስ ይለብሳል። ውኃ የማያስገባ ሰፊ ጨርቅ ነው። ከአንገቱ ሥር ተነስቶ እስከ ጭራው ድረስ ጀርባውንና ጎኑን ይሸፍናል። ደረቱ ላይ በዘለበት ይቆለፋል፣ በሆዱ ሥር ደግሞ በማሰሪያ ይያዛል። አሜሪካኖቹ ብላንኬት፣ እንግሊዞቹ ራግ ይሉታል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሲያትል ዙሪያ ያሉ የፈረስ ግቢዎችን ከኦክቶበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ብታዩ፣ መስኩ ላይ የቆሙት ፈረሶች ብዙዎቹ ይህንን ለብሰው ነው።

ልብሱ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ጋማ ይበላል። ወሩ ሳያልቅ አንገቱና ጀርባው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ጋማ ተበጣጥሶ ያልቃል። ያ ፀጉር ተመልሶ ለመርዘም ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲገዙት ማወቅ የሚገባው ነገር አለ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚለብስ እንይ። ፈረስ ብርድን ይችላል። በደንብ የበላና የብርድ ወራት ፀጉሩን ያወጣ ፈረስ፣ ነፋስና ዝናብ እስከሌለ ድረስ፣ ከዜሮ በታች 7 እና 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆንም ብዙም አይከብደው። ፀጉሩን ያቆመዋል፣ በፀጉሩ መሀል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይይዝለታል። ዝናብ ግን ፀጉሩን ያስተኛዋል። አየሩ ይወጣል፣ ብርዱ ይገባል። እስከ ቆዳው የበሰበሰ ፈረስ 5 ዲግሪ ላይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ቆዳው ለቀናት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ ደርማቶፊለስ የሚባለው ባክቴሪያ ጀርባው ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ያወጣል። መጠለያ ያለው ጤነኛ ፈረስ ልብስ ላያስፈልገው ይችላል። ያረጀ፣ የከሳ፣ ፀጉሩ የተሸለተ ወይም መሸሸጊያ የሌለው ፈረስ ግን በዝናብ ጊዜ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ጋማው። ብዙ ሰው ጋማ የሚጎዳው ጨርቁ ሻካራ ስለሆነ ይመስለዋል። ጨርቁም ድርሻ አለው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ልኩን ነው። በጣም ውድ የሆነ ልብስ ልኩ ካልሆነ ጋማውን ይጨርሰዋል፣ ርካሹ ደግሞ በትክክል ካረፈ ክረምቱን ያለ ጉዳት ያሳልፋል።

ፈረስ የሚለብሰው ለመቆም ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይግጣል። ባጎነበሰ ቁጥር አንገቱ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ትከሻው ይከፈታል፣ አንገትጌው ይወጠራል። የሚወጠረው ደግሞ ጫንቃው ላይ ነው፤ ማለትም አንገቱ አልቆ ጀርባው የሚጀምርበት ከፍ ያለው አጥንት ላይ። ቀና ሲል ይላላል፣ ሲያጎነብስ እንደገና ይወጠራል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። በዚያ ጠርዝ ሥር የተኛው ፀጉር በሁለት በኩል እየተፈተገ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንገትጌው ሲጠብ እንደሚፈትግ ሁሉም ያውቃል። ሲሰፋም ይፈትጋል። ሰፊ አንገትጌ ያለው ልብስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ጫንቃው ላይ ይቀመጣል፣ የልብሱ ክብደት በሙሉ እዚያች አጥንት ላይ ይንጠለጠላል። ፊት ለፊት ደግሞ ትከሻውን ይይዘዋል። ስለዚህ «ትንሽ ሰፋ ይበልለት» ብሎ መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

ልኩ የሚወሰደው እንዲህ ነው። ፈረሱን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። ሜትሩን ከደረቱ መሀል አስጀምሩ፣ በትከሻው ሰፊ ቦታ ላይ አሳልፋችሁ እስከ ጭራው ሥር ጠርዝ ድረስ ውሰዱት። አሜሪካ ውስጥ ልኩ በኢንች ነው፤ 78 ቢወጣ 198 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። በአውሮፓ አህጉር ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው የጀርባው ርዝመት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ በጣም ያንሳል። ከሌላ አገር ድረ ገጽ የምታዙ ከሆነ በምን እንደተለካ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ርዝመቱ ልክ መሆኑ ብቻ ግን አንገትጌው ልክ ነው አያሰኝም። አልብሱትና ሞክሩት። ጠርዙ ከጫንቃው ትንሽ ፊት ማረፍ አለበት፣ አጥንቱ ላይ ወይም ከኋላው መሆን የለበትም። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በጠርዙና በጫንቃው መሀል አስገቡ። ከዚያ መሬት ላይ ትንሽ ሣር ወይም ካሮት አስቀምጡለትና አፉን እስኪያደርስ ጠብቁ። እጃችሁን አታውጡ። ሲያጎነብስ እጃችሁ ከተጨመቀ ያ ልብስ ጋማውን ይበላዋል። ሱቅ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ የዚህን ያህል አይነግራችሁም።

አሠራሩም ይለያያል። አንዳንዱ ልብስ ጫንቃው ላይ ከፍ ተደርጎ ስለተቆረጠ አጥንቱን አይነካም። አንዳንዱ አንገትጌው ረዘም ብሎ የአንገቱን የታችኛውን ክፍል ይሸፍናል፣ ጠርዙም ከጫንቃው ርቆ ይውላል። ጫንቃው ጎላ ላለ፣ እንደ እሽቅድምድሙ ዝርያ እንደ ቶሮብሬድ ላለ ፈረስ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ደረቱ ሰፊ ለሆነ ፈረስ ደግሞ ትከሻው ላይ ተጨማሪ እጥፋት የተሰፋበት ይሻለዋል፣ ሲራመድ ይከፈትለታል። ጆሮው ሥር ድረስ የሚደርሰው የአንገት ሽፋን ከዝናብ በደንብ ይከላከላል፣ ግን ከጠበበ ጋማውን ከላይ እስከ ታች ይፈትገዋል። እንደ ፍሪዥያን ያለ ረጅም ጋማ ያለው ፈረስ ላይ ሲሆን በጣም ተጠንቀቁ።

ገበሩን ከውስጥ በእጃችሁ ዳሱት። ጫንቃና ትከሻ የሚነካው ቦታ ላይ የሚያንሸራትት ናይለን ወይም ሳቲን መሰል ጨርቅ መኖር አለበት። በአንገትጌው ዙሪያ የሚሰፋው ሰው ሠራሽ ሱፍ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ደስ ይላል። ጭቃና ዝናብ ሲነካው ግን ይቋጠራል፣ ፀጉር ይይዛል። ለዝናብ ልብስ አልመክረውም። ውጪው ላይ የሚጻፈው ዴኒየር የክሩን ውፍረት የሚናገር ቁጥር ነው። 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል እንደ ማለት ነው። 600 የተለመደ ነው፣ ለሚደባደብና አጥር ለሚታከክ ፈረስ 1200 ይሻላል። ውኃ የሚከለክለው ግን ክሩ ሳይሆን የተቀባው ሽፋን ነው፤ የላብ እንፋሎትም ማስወጣት አለበት። ላስቲክ የማልመክረው ለዚህ ነው። ዝናቡን ይከለክላል፣ ፈረሱ ግን በገዛ ላቡ ይበሰብሳል። ጀርባው መሀል ላይ ስፌት የሌለበትን ፈልጉ፣ ውኃ መጀመሪያ የሚገባው በስፌት ነው። ሙቀት ለመጨመር የሚሞላው ነገርም ለዝናብ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም፣ 0 ግራም የሚለውን ውሰዱ። ክብደቱ ባነሰ ቁጥር ጫንቃው ላይ የሚያርፈውም ያንሳል።

አለባበሱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ልብሱን ከጫንቃው ፊት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ኋላ ሳቡት። ወደ ፊት አትጎትቱት፤ ጋማው ከሥር ይታጠፋል፣ የታጠፈው ፀጉር ነው ቶሎ የሚበጠሰው። ከዚያ እጃችሁን አስገብታችሁ ጋማውን አስተካክሉት። የኋላ እግር ማሰሪያው ከጠበቀ ልብሱን በሙሉ ወደ ኋላ ስቦ አንገትጌውን ያስጨንቀዋል፤ የሆዱ ማሰሪያና ሆዱ መሀል ደግሞ አንድ መዳፍ ክፍተት ይኑር።

ጋማው ከተበጣጠሰ በኋላ ጥፋቱ የልብሱ መሆኑን ለማወቅ ቦታውን ተመልከቱ። ልብስ የበላው ጋማ ጫንቃው አጠገብ ብቻ አጥሮ እንደ ጥርስ ብሩሽ ይቆማል፣ ሥሩ ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጋማው ከላይ እስከ ታች ከሳሳ፣ ቅርፊት ካለው፣ የጭራውም ሥር ከተላጠ ግን ሌላ ነገር ነው። በሙቀቱ ወራት ከሆነ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚመጣ አለርጂ፣ በብርዱ ወራት ከሆነ ቅማል ሊሆን ይችላል። አዲስ ልብስ መግዛቱን ትታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ልኩ ደህና ሆኖም ፀጉሩ መሳሳት ከጀመረ ከሥር የሚለበስ፣ ሊክራ ከሚባለው ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ቀጭን የትከሻ መሸፈኛ ይሸጣል፣ ይረዳል። ልብሱን ግን በየቀኑ አውልቃችሁ እዩ፣ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሳይለብስ ይዋል። ስታጥቡትም በተለመደው የልብስ ሳሙና አይሁን፣ ውኃ የሚከለክለውን ሽፋን ያበላሸዋል። ጭቃውን በብሩሽ አራግፉና በንጹህ ውኃ አለቅልቁት። ውኃ ማሳለፍ ሲጀምር እንደገና የሚረጭ መከላከያ ይሸጣል።