ኤሌክትሮኒክ ፊልም ካሜራዎችና ዕድሜያቸው

ኤሌክትሮኒክ ፊልም ካሜራ የሚባለው የመዝጊያውን ፍጥነት፣ የብርሃን ልኬቱን ወይም ሌሎች ሥራዎቹን በባትሪና በሰርኪዩት የሚመራ ካሜራ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በብዛት ተመርቷል። አሮጌ ካሜራ በሚገዙ ሰዎች ዘንድ ስለ ዕድሜው የሚባለው አንድ ነው፦ ሜካኒካል ካሜራ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ኤሌክትሮኒኩ ግን አንድ ቀን ድንገት ይሞትና የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የቀረውን ግማሽ ግን ካሜራዎቹን ፈትቶ ያየ ሰው አይቀበለውም፤ ውስጣቸው ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ቺፑ ሳይሆን ጎማው፣ ቅባቱ፣ የባትሪው ቤትና ሽቦው ነውና።

ከቀዳሚዎቹ መካከል ሰፊ ገበያ ያገኘው በ1966 የወጣው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ነው። ፎቶ አንሺው የሌንሱን ቀዳዳ ይመርጣል፤ መዝጊያው ምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ካሜራው ራሱ ይወስናል። ፔንታክስ በ1971 ይህንኑ አሠራር ሌንሱ ወደሚቀያየር ሪፍሌክስ ካሜራ (ፎቶ አንሺው በውስጡ ባለ መስታወት አማካይነት በሌንሱ በኩል ወደሚያይበት) አመጣው። በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ደግሞ ማይክሮፕሮሰሰር የተገጠመለት የመጀመሪያው ሪፍሌክስ ሲሆን፣ ሰርኪዩቱ ብዙ ጥቃቅን የብረት ክፍሎችን ስለተካ ዋጋው ቀንሶ በሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1980 ኒኮን ለባለሙያዎች የሠራው ኤፍ3 መዝጊያው በባትሪ የሚሠራ መሆኑ ሲሰማ ያጉረመረሙ ብዙ ነበሩ። ካሜራው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሲመረት ቆይቶ ለአሠራሩ ከማንም የተሻለ ምስክር ሆነ። በ1985 ሚኖልታ 7000 ትኩረቱን ራሱ የሚያስተካክል ሆኖ ሲመጣ ሞተሩም ኮምፒውተሩም ከካሜራው አካል ጋር ተዋሐዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ባትሪ የሚሠራ ካሜራ እያነሰ ሄደ።

የዕድሜውን ነገር ለመረዳት መዝጊያውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሪፍሌክስ ካሜራ ውስጥ ሁለት መጋረጃዎች አሉ፤ አንደኛው ተከፍቶ ፊልሙን ለብርሃን ያጋልጣል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍነዋል። በሜካኒካል ካሜራ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ የሚቆጥሩት ጥርሶችና ሞላዎች ናቸው። በኤሌክትሮኒኩ ሁለተኛውን መጋረጃ አንድ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ይዞ ያቆየውና ሰርኪዩቱ ጊዜው ደረሰ ሲል ይለቀዋል። መጋረጃውን የሚነዳው ኃይል በሁለቱም የሞላ ኃይል ነው። ልዩነቱ ጊዜውን ማን ይቆጥራል የሚለው ብቻ ነው።

በዚህ በኩል ኤሌክትሮኒኩ እንደሚታማው አይደለም። የሜካኒካል ካሜራ ቅባት በዓመታት ብዛት ሲወፍር አንድ ሰከንድ የተባለው ይረዝማል፣ ዝግተኛዎቹ ፍጥነቶች መሀል ላይ ተይዘው ይቆማሉ፣ ባለቤቱም ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ላያውቅ ይችላል። ሰርኪዩት ደህና እስከሆነ ድረስ ጊዜውን በትክክል ይቆጥራል፤ በኤፍ3 ውስጥ ቆጣሪው እንደ እጅ ሰዓት የኳርትዝ ድንጋይ ነው። ሲበላሽ ግን ምሕረት የለሽ ነው፤ ዛሬ ሠርቶ ነገ ጭራሹን እንቢ ይላል። ይህ ድንገተኛነት ነው፣ ከብልሽቱ ብዛት ይልቅ፣ ስሙን ያጠፋው።

ካሜራዎቹን ከሚገድሏቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ተረስቶ የቀረ ባትሪ ነው። ዓመታት ተቀምጦ የነበረ ካሜራ የባትሪ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይታያል። ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የመገናኛውን ብረት ይበላዋል። ይህ የሚታየው ጉዳት ነው፤ በጥጥ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ አድርጎ ማሸት፣ ከዚያ በአልኮል መጥረግ ይበቃዋል። ክፉው የማይታየው ነው። ፈሳሹ ከመገናኛው በስተጀርባ ወደ ሰርኪዩቱ በሚሄደው ሽቦ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ልባሱ ሥር ለሥር እየተሳበ ይገባል። ሽቦው ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ልባሱ ሲላጥ ግን መዳቡ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይሰበራል፣ ብየዳም አይቀበልም። ሰርኪዩቱ ሞቷል ተብሎ ከተጣለ ካሜራ መካከል አንድ ጣት የማይሞላ ሽቦ ቢቀየርለት የሚነሳ ብዙ ነው።

ባትሪ ሌላም ጣጣ አለው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ብዙ ብርሃን መለኪያዎች የተሠሩት 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱ አይወርድም፤ ስለዚህ አምራቾቹ ቮልት የሚያስተካክል ሰርኪዩት መጨመር አላስፈለጋቸውም። ሜርኩሪ መርዝ በመሆኑ በ1990ዎቹ ከገበያ ሲወጣ መለኪያዎቹ ያለ ባትሪ ቀሩ። 1.5 ቮልት አልካላይን ሲገባባቸው ይሳሳታሉ፤ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ስሕተቱም አብሮ ይለዋወጣል። የብር ኦክሳይድ ባትሪ 1.55 ቮልቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ቮልት ከሚቀንስ ማስማሚያ ጋር ሲገባ የተሻለ መፍትሔ ይሆናል። የፔንታክስ ስፖትማቲክ መለኪያ ግን የቮልት ልዩነት በማያዛባው መንገድ ስለተሠራ ይህ ጭንቀት የለበትም። በአንድ ዘመን የተሠሩ ሁለት ካሜራዎች ዛሬ እንዲህ የተለያየ ዕድል የገጠማቸው ንድፍ አውጪዎቻቸው በወሰኑት በአንዲት ትንሽ ነገር ነው።

ከባትሪ ቀጥሎ ጎማና ስፖንጅ ናቸው። ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ውስጥ አንዲት ትንሽ የጎማ ቁራጭ አለች፤ ከዓመታት በኋላ ትፈረፈርና የመዝጊያው ቁጥጥር ይዛባል። ባለሙያዎች ሳይፈቱት በጆሮ ያውቁታል። ፊልሙ ሲጠነጠን መጨረሻው ላይ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጎማዋ በሕይወት አለች፤ ዝም ካለ ግን የለችም። ሰርኪዩቱ ደህና ሆኖ ካሜራው ያበደ የሚመስለው በዚህች ቁራጭ ነው። ከ1987 ጀምሮ የወጡት የካኖን ኢኦኤስ ካሜራዎችም ተመሳሳይ ሕመም አለባቸው፤ የመዝጊያውን ግጭት የሚያለዝበው ስፖንጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቅና የመዝጊያው ቅጠሎች (መጋረጃዎቹ የተሠሩባቸው ስስ ቁራጮች) ላይ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይታያል። ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፤ ፎቶው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይወጣል። እድፉን መጥረግ ለጊዜው ይረዳል፣ ስፖንጁ ካልተነሳ ግን ይመለሳል። ኤኢ-1 ሲተኮስ እንደ ሳል የሚያሰማው ጩኸትስ? እርሱም የመስታወቱን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠሩት ጥርሶች ቅባት መድረቁ ነው እንጂ ከማይክሮፕሮሰሰሩ ጋር ጉዳይ የለውም።

እውነተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሞት የለም ማለት ግን አይደለም። በ1981 የወጣው ሚኖልታ ኤክስ-700 በካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በሚለቅ ትንሽ ዕቃ) መበላሸት ይታወቃል፤ መብራቶቹ ይበራሉ፣ መለኪያው ይሠራል፣ መዝጊያው ግን አይተኮስም። ካፓሲተሩ ዋጋው ከቁም ነገር የማይገባ ዕቃ ነው፤ ብየዳ የሚችል ሰው ይቀይረዋል። የኤልሲዲ ስክሪኖችም ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛሉ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣሉ፤ የብዙ ኤፍ3 ካሜራዎች ስክሪን ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። መድኃኒት የሌለው ለዚያ ሞዴል ብቻ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ሲቃጠል ነው። የሜካኒካል ካሜራ ጥርስ ቢሰበር ጎበዝ ባለሙያ ቀርጾ ሊተካው ይችላል። ቺፕ ግን አይቀረጽም፤ ያለው ምርጫ ተመሳሳይ ካሜራ ገዝቶ ለመለዋወጫ መፍታት ነው። አምራቹ ራሱ ከሥራው ሲወጣ ነገሩ ይብሳል፦ ኪዮሴራ የኮንታክስን ካሜራዎች መሥራት እንደሚያቆም በ2005፣ ኮኒካ ሚኖልታ ደግሞ ከካሜራ ሥራ እንደሚወጣ በ2006 አስታወቁ።

ይህን ቀድመው ያሰቡ ንድፍ አውጪዎች ነበሩ። ኒኮን ኤፍኢ ባትሪው ቢያልቅ በ1/90 ሰከንድ፣ ኤፍኢ2 በ1/250 ሰከንድ ይተኩሳል፤ ላይካ ኤም7 1/60 እና 1/125 ሰከንድን ያለ ባትሪ ይሠራል። በ1980 የወጣው ፔንታክስ ኤልኤክስ ፈጣኖቹን ፍጥነቶች ለሜካኒካሉ፣ ዝግተኛዎቹን ለሰርኪዩቱ አካፈላቸው። የሁሉ ቁንጮ በ2001 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም3ኤ ነው፤ ፍጥነቱን ፎቶ አንሺው ሲመርጥ ሁሉም በሜካኒካል፣ ካሜራው ሲመርጥ በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል። ለረጅም ዕድሜ ከተባለ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የመጣ አይመስለኝም፤ የመጣው ግን ዲጂታል ካሜራ ገበያውን ሊረከብ በተቃረበበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ዓይነት ካሜራ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የባትሪውን ቤት ከፍቶ ይይ። ከዚያ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ ካሜራውን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ከአንድ ሰከንድ ጀምሮ እስከ ፈጣኑ ድረስ ይተኩስ፤ የብርሃኑ ብልጭታ እያጠረ መሄድ አለበት። ቅጠሎቹ ላይ እድፍ፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ የሚጣበቅ ስፖንጅ መኖሩን ይመልከት። ለተወሰነ ጊዜ የማይሠራበትን ካሜራ ባትሪውን አውጥቶ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥና አልፎ አልፎ መተኮስ የመገናኛዎቹን መዛግ ያዘገያል።

ከሁሉ የከፋው ዕጣ የ1990ዎቹ ኪስ የሚገቡ አውቶማቲክ ካሜራዎች ነው። ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር አብሮ የሚታጠፈው ስስ ተጣጣፊ ሰርኪዩት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፤ የሪኮ ጂአር1 የላይ ስክሪንም እየደበዘዘ ቁጥሩ አይነበብም። ሁሉ ነገር ተጨናንቆ የተገጠመባቸው በመሆኑ ጥገናቸውን የሚደፍር ጥቂት ነው፤ ለመፍታት ለሚሞክርም አደጋ አለው። ባትሪው ከወጣ በኋላም የፍላሹ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በቅድሚያ በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ዕቃ) አማካይነት ባዶ መደረግ አለበት።