ዝባድ ምንድን ነው? እንዴትስ ይለያል?

ዝባድ ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚያመነጨው ቅባት ነው፤ ወንዱም ሴቷም ያመነጫሉ። ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉት መዓዛ ቶሎ እንዳይበን ስለሚይዝላቸው ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በመናገሻ ሱባ ደን ጥርኝ አለ። ሌሊት ሲዘዋወር ቅባቱን ግንድና የአጥር ቋሚ ላይ እያሸ ያልፋል። ምልክቱ የሚገኘው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። ትኩሱ ነጣ ያለ ቢጫና እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ ሲሰነብት ቡናማ፣ ቀጥሎም ጠቆር ያለ ይሆናል። ብዙ ሰው ከሙጫ ጋር ያምታታዋል። ሙጫ ደርቆ ይሰባበራል፣ ዝባድ ግን በጣት ሲሹት ይቀባል፤ ብዙ ጊዜም የእንስሳው ፀጉር ይገኝበታል። ጥርኝ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ስለሚጸዳዳ፣ በአቅራቢያው የፍሬ ዘር የበዛበት የኩስ ክምር ካለ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ሽታውን ለማወቅ አፍንጫ ማስጠጋት አይረዳም። ያልተበረዘ ዝባድ የሚሸተው እንደ ዓይነ ምድር ነው፤ «ይሄማ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለውም ለዚህ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁንጣሪ በግማሽ ስኒ ንጹሕ አልኮል ዘፍዝፎ፣ ዕቃውን ከድኖ ጥቂት ቀን ማቆየት፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ አልኮሉ እስኪተን መጠበቅ ነው። ያኔ ጣፋጭ መዓዛ ብቅ ይላል። የመዓዛው ዋና ምንጭ ሲቬቶን ነው፤ 17 የካርቦን አቶሞች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ውህድ።

ለንግድ የሚቀርበው ዝባድ በአብዛኛው ከጅማና ከኢሉባቦር አካባቢ፣ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ከተያዙ ወንድ ጥርኞች ይገኛል። በየ9 እስከ 12 ቀን ዕጢው ተጨምቆ በቀንድ ማንኪያ ይፋቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 ግራም ግድም ነው። ግማሽ ኪሎ ለመሙላት እንግዲህ ቢያንስ 25 ጊዜ መፋቅ ይጠይቃል። እንስሳው የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ የውጭ ሽቶ ቤቶች ወደ ሰው ሠራሹ ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከግንድ የሚለቀመው ደግሞ ትንሽና ቅርፊት የበዛበት ስለሆነ ገበያ ላይ አያወላዳም።

ዝባድን ለማብዛት የሚቀላቀልበት ጭማሪ ብዙ ነው፦ ቅቤ፣ ማር፣ ዱቄት፣ ቫዝሊን። ማር ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዝባድ አይሟሟም። ዱቄት ካለበት አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ወረቀት ላይ ቀብቶ የቅባት ቀለበት መፈለግ ግን ከንቱ ነው፤ ዝባድ ራሱ ቅባት ነውና። ቅቤና ቫዝሊንን በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ጥርኝ የዱር እንስሳ በመሆኑ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ዝባዱን መነገድ አይቻልም። ስለዚህ ሻጩ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ፣ ወደ ውጭ ከሆነም የመላኪያ ሰነዱን ማሳየት አለበት። ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ስለሚመጣ፣ ከአፉ ያለውን ብቻ አይቶ መክፈል አይገባም፤ ቀጭን ዘንግ እስከ ሥሩ ሰዶ ከታች የወጣውንም መመርመር ነው።