አውራ ጣት ሲነሳ «ጎበዝ» ማለት አይደለም

በውኃ የተሞላ ዋሻ ውስጥ ሁለት ጠላቂዎች የሚግባቡት በእጅ፣ በባትሪ ብርሃንና በመነካካት ነው። ስለዚህ ቋንቋ ብዙ ሰው በስህተት የሚያምናቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ነፍስ ያስከፍላሉ።

«አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው»

መሬት ላይ አዎ። ውኃ ውስጥ ግን «በቃ፣ እንውጣ» ማለት ነው። «ደህና ነኝ» የሚባለው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ገጥሞ ቀለበት በመሥራት ነው።

«እንውጣ ያለ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት»

የለበትም። ጀማሪም ይሁን አንጋፋ፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት ጉዞውን ማቆም ይችላል። በርዶት ይሁን ልቡ ፈርቶ፣ እዚያ ውስጥ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከሕጎቹ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ይሉኝታ ይዞት ዝም የሚል ሰው ዋሻ ውስጥ ለራሱም ለጓደኛውም አደጋ ነው። በላይ ያለው ድንጋይ ስለሆነ ሽቅብ መውጣት አይቻልም፤ የመጡበትን መንገድ መልሶ መዋኘት ግድ ነው። አየሩም ለዚህ ሲባል ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን።

«ምልክቱን ካሳየሁ መልእክቴ ደርሷል»

ጓደኛህ ካልመለሰልህ አልደረሰም። «ደህና»፣ «ቁም» (የተጨበጠ እጅ) እና «እንውጣ» የግድ መልስ የሚሹ ምልክቶች ናቸው፤ ያያቸው ሰው ያንኑ ምልክት ደግሞ ያሳያል። እጅህን በራስህ ባትሪ ብርሃን ውስጥ አድርገህ አሳይ። ጓደኛህ ዓይን ላይ ካበራህበት ምንም አያይም።

«ባትሪ ለማየት ብቻ ነው»

ብርሃኑን ቀስ አድርጎ ማዞር «ደህና ነህ?» ነው። ወደ ግራና ቀኝ በፍጥነት ማወዛወዝ ደግሞ «ድረስልኝ!» ነው። ስለዚህ ባትሪህን እንዲሁ አታወናጭፍ።

«ደለል ከተነሳ መግባባት አበቃ»

ያን ጊዜ ተራው የመዳሰስ ነው። ጠላቂዎቹ መሪውን ገመድ (ከመግቢያው ጀምሮ መንገድ እንዲያሳይ የተዘረጋውን) ይይዛሉ፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ክንድ ወይም እግር ይይዛል። ወደ ፊት ገፋ ካደረገው «ቀጥል» ማለቱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ በጎርፍ ተከብበው የነበሩ 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ሲወጡ ውኃው ጭቃ ነበር፤ ጠላቂዎቹ መንገዱን ያገኙት ገመዱን በእጃቸው ይዘው ነው።

ተማሪዎች ይህን መጀመሪያ የሚለማመዱት መሬት ላይ ነው፦ ዛፍ ከዛፍ ገመድ ተወጥሮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተያይዘው እየሄዱ።