በባሕር አጥቢዎች ላይ የሚገኙ አዳዲስ ባክቴሪያዎች፦ ምርመራ፣ ምደባና ስያሜ

ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊን፣ ፖርፖይዝ (ዶልፊን የሚመስል ትንሽ የባሕር አጥቢ) እና አቆስጣ (ሲል) ስለሚሸከሟቸው ባክቴሪያዎች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ሞተው ዳርቻ ላይ ከወደቁ እንስሳት ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከዶልፊን ተለይቶ የተሰየመው ስታፊሎኮከስ ዴልፊኒ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሥራው የደራው ግን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ነው፤ ለዚህም በስኮትላንድ፣ ኢንቨርነስ ከተማ ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ፎኮኤኖባክተር ዩተሪና አክቲኖማይሲስ ማሪማማሊየም የዚያ ትጋት ፍሬዎች ናቸው።

በስፋት የተጠናው ብሩሴላ ነው። በእኛ አገር ከብትና ፍየል የሚያስወርደው፣ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው የሚሻገረው ተዋሲ የዚሁ ወገን (ጂነስ) ነው። የባሕሩ ብሩሴላ በ1994 ተዘገበ፤ በስኮትላንድ ከአቆስጣ፣ ከፖርፖይዝና ከዶልፊን፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ ከተጨነገፈ የዶልፊን ጽንስ። ብሩሴላ ሴቲ (የዓሣ ነባሪዎችና የዶልፊኖች) እና ብሩሴላ ፒኒፔዲያሊስ (የአቆስጣዎች) ተብለው በይፋ የተሰየሙት ግን በ2007 ነው። የብሩሴላ ዝርያዎች ዲኤንኤ እጅግ ስለሚቀራረብ፣ የተለመደው የ70 በመቶ የዲኤንኤ ተዛምዶ መስፈርት ሁሉንም አንድ ዝርያ ያደርጋቸዋል። ባክቴሪያዎችን ለመለየት በተለምዶ በሚነበበው በ16ኤስ ጂን ብቻም አይለዩም። ስለዚህ ምደባው በተሸካሚው እንስሳ፣ በአስተዳደግ ጠባይና ቢፒ26 ከተባለው ጂን ቀጥሎ በሚገኘው፣ አይኤስ711 በተባለው የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ቆመ።

ናሙናው ከጣፊያ፣ ከሳንባ፣ ከንፍፊት፣ ከአንጎልና ከመራቢያ አካላት ይወሰዳል፤ የአካሉ ገጽ በጋለ ቢላ ተተኩሶ ከውስጥ ይቆረጣል። በደም አጋር (ደም በተጨመረበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) እና በፋረል ሚዲያ (ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገቱ አንቲባዮቲኮች ባሉት ማሳደጊያ) ሳህን ላይ ተዘርቶ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 14 ቀን ይቆያል። የዶልፊንና የፖርፖይዝ ብሩሴላ በ4 ቀን ገደማ ይታያል። የአቆስጣው ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥረት አያድግም፣ ፋረል ውስጥ ያሉት አንቲባዮቲኮችም ብዙ ጊዜ ይገቱታል። በ5ኛው ቀን ሳህኑን የጣለ ሰው «የለም» ብሎ ይመዘግባል። በሌላ በኩል የበሰበሰ ሬሳ ከሆነ ፈጥነው የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ሳህኑን ይሸፍኑታል።

ኤፒአይ 20ኤንኢ የተባለው የባክቴሪያ መለያ መሣሪያ ብሩሴላን «ሳይክሮባክተር» የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ብሎ ሊያወጣ ይችላል፤ ብሩሴላ ሠራተኛውን ሊያሳምም ስለሚችል ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ግራም ነጌቲቭ (በግራም ማቅለሚያ ቀይ የሚሆን) ሆኖ በኦክሲዴዝና በዩሪዬዝ የኢንዛይም ምርመራዎች ፖዘቲቭ የሆነ ደቃቅ በትር ከታየ፣ ሥራው ወዲያው ወደ ደኅንነት ካቢኔት (ተዋሲው ሠራተኛውን እንዳይደርስ ወደሚከላከል የሥራ ሣጥን) ይዛወር። በብሪታንያ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በባሕሩ ብሩሴላ ታሟል።

በሌሎች ወገኖች 16ኤስ ከ98.7 በመቶ በታች ሲመሳሰል አዲስ ዝርያ ይጠረጠራል። የሙሉ ጂኖም አማካይ ተመሳሳይነት ከ95 እስከ 96 በመቶ በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጸናል። ወካዩ ባክቴሪያ በሁለት አገሮች ባሉ የባክቴሪያ ክምችቶች ይቀመጥና ስሙ በዓለም አቀፉ የስልታዊ ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ይጸድቃል።

በ2020 ኦክሮባክትረም የተባለው ወገን ብሩሴላ ውስጥ እንዲጠቃለል ተደረገ። ብዙ የብሩሴላ ባለሙያዎች ተቃውመዋል፣ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው፦ ኦክሮባክትረም በአፈርና በውኃ የሚኖር፣ በአብዛኛው አቅመ ደካማ ሕሙማንን ብቻ የሚያጠቃ ስለሆነ፣ «ብሩሴላ» ብቻ የሚል የላቦራቶሪ ውጤት ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ ሕክምና ሊመራ ይችላል።