የላይፕዚግ የሰኞ ጸሎት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበርሊን ግንብ አወዳደቅ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ጸለዩ፣ ግንቡ ፈረሰ» ይልና ይዘጋዋል። ሌላው «የምን ጸሎት? ጸሎቱ ሽፋን ነው፣ ሥራው ፖለቲካ ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ላይፕዚግ መሃል ከተማ ስላለችው ስለ ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጀርመኖቹ ኒኮላይኪርሸ ይሏታል። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን የሄዱ ኢትዮጵያውያን ከተማዋን ያውቋታል፤ ጀርመንኛ እዚያ የጀመሩ አሉ። ቤተ ክርስቲያኗን ግን በቅጡ የሚያውቃት ጥቂት ነው። እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው። ለብቻው ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሉተራን ማለት ያው ጴንጤ ነው»

እኛ ዘንድ ፕሮቴስታንት ሁሉ ጴንጤ ይባላል። ስለዚህ «ሉተራን» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው አዳራሽ፣ ኪቦርድና ፕላስቲክ ወንበር ነው። ኒኮላይኪርሸ ስትገባ ይህ ሁሉ ይጠፋብሃል። ግንባታዋ የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን ነው። ተሐድሶው፣ ማለትም ማርቲን ሉተር የመራው ከካቶሊክ የተለየ እንቅስቃሴ፣ ላይፕዚግ የደረሰው በ1539 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የካቶሊክ ነበረች። መሠዊያ አላት፣ ሥዕል አላት፣ ትልቅ ኦርጋን አላት። ምሰሶዎቿ ጫፋቸው ላይ እንደ ዘንባባ ቅጠል ይዘረጋሉ፤ ቅጠሉም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት 1750 ድረስ የከተማዋ የመዝሙር ኃላፊ ሆኖ እዚህም አገልግሏል። በዮሐንስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው የሕማማት ዝማሬው መጀመሪያ የተሰማው እዚሁ ነው፣ በ1724 ስቅለት ዕለት።

እምነቱም ቢሆን ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። ሉተራኖች ሕፃናትን ያጠምቃሉ። በቅዱስ ቁርባን የክርስቶስ ሥጋና ደም በእውነት አለ ብለው ያምናሉ፤ «ምልክት ብቻ ነው» የሚለውን አይቀበሉም። የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማሉ። ሉተርን ያመልካሉ የሚለው ደግሞ መልስ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እሱ ራሱ በ1522 «በእኔ ስም አትጠሩ፣ ክርስቲያን ተባሉ» ብሎ ጽፎ ነበር። አልሰሙትም።

የእኛዋ መካነ ኢየሱስም የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት። ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን እንዳሏት ትገልጻለች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ መዝሙሩና አምልኮው እየሞቀ ስለሄደ ከላይፕዚግ ጋር አይመሳሰልም እንጂ ሕፃን ማጥመቁና ቁርባኑ ያው ነው። ደግሞ ትውውቁ የቆየ ነው። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል።

«የሰላም ጸሎቱ የተጀመረው በ1989፣ አገሩ ሲናጥ ነው»

ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው የተጀመረው፣ በመስከረም 1982። መነሻውም ግንቡ አልነበረም። ያኔ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሁለቱን ጀርመኖች በሚሳይል እየሞሏቸው ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ወታደራዊ ትምህርትን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የክፍል ትምህርት አድርጋዋለች። ወላጆች ከፋቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ተቃወሙ።

እዚህ ላይ የአንዲትን ጨርቅ ነገር ሳላወራ አላልፍም። ወጣቶቹ «ሰይፍ ማረሻ ይሆናል» የሚለውን የነቢዩ ሚክያስን ቃል ምልክታቸው አደረጉ። ሥዕሉ መዶሻ ይዞ ሰይፍ የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። የተወሰደውም ሶቪየት ኅብረት ራሷ በ1959 ለተባበሩት መንግሥታት በስጦታ ከሰጠችው ሐውልት ነው። ወረቀት ላይ ለማተም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ጨርቅ ላይ ለማተም ግን አያስፈልግም። ስለዚህ በጨርቅ አትመው ጃኬታቸው ላይ ሰፉት። መንግሥት ጨነቀው። የታላቋን ወዳጅ አገር ሐውልት እንዴት ይከልክል? በመጨረሻ ከለከለ። ፖሊስ መንገድ ላይ እያስቆመ ምልክቱን ከጃኬት ላይ አስቀደደ። ከትምህርት ቤት የተባረሩም አሉ። ጃኬታቸው ላይ የተቀደደውን ቦታ እንዳለ ትተው የሚዞሩም ነበሩ።

የሰኞው ጸሎት የመጣው ከዚህ መሃል ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ሰው እፍኝ አይሞላም ነበር። ጥቂት ሰው፣ ትልቅ ባዶ ቤተ ክርስቲያን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፣ አንድ መዝሙር፣ ጸሎት። ለዓመታት እንዲያ ሆኖ ቀጠለ። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይኸኛው ዘመን ነው። በኋላ፣ በ1989፣ ሰባ ሺህ ሰው ሲወጣ መገኘት ቀላል ነው።

«የሚመጡት አማኞች ነበሩ»

አብዛኞቹ አልነበሩም። ምሥራቅ ጀርመን በአርባ ዓመት ውስጥ ሃይማኖት የለሽ ትውልድ አፍርታለች። ከ1980 ጀምሮ እዚያ ያገለገለው ቄስ ክርስቲያን ፉረር በር ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል ጽሑፍ አስለጠፈ። ሰዉ ቃሉን አምኖ መጣ። የመውጫ ቪዛ ጠይቀው ከሥራ የተባረሩ መጡ። የአካባቢ ብክለት ያሳሰባቸው፣ ጠመንጃ አንይዝም ያሉ፣ ፀጉራቸውን ያሳደጉ ጎረምሶች መጡ። ሌላ የሚሰበሰቡበት ቦታ አልነበራቸውም።

እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። በመስከረም 1989 ከጸሎት በኋላ በር ላይ አንዱ ወገን «መውጣት እንፈልጋለን!» ብሎ ይጮሃል። ሌላው «እዚሁ እንቀራለን!» ይላል። መንግሥትን ይበልጥ ያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ጆሮ ጠቢውስ? እሱም ነበረ። ስታዚ፣ ማለትም የአገሪቱ ደኅንነት፣ በየሳምንቱ ሰው ይልክ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሥራ ግዴታ ተቀምጠው የተራራውን ስብከት ደጋግመው ሰምተዋል። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ።

«ካህናቱ ሁሉ አንድ ልብ ነበሩ»

ኧረ አልነበሩም። በ1988 የአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ኃላፊ የጸሎቱን ዝግጅት ከወጣት ቡድኖቹ ወስዶ ለካህናት ሰጠ። «ጸሎቱ የፖለቲካ ስብሰባ እየሆነ ነው» ነበር ሥጋቱ። ወጣቶቹ አፋቸውን በጨርቅ አስረው ተቃወሙ፤ ጨርቁ ላይ «መናገር ክልክል ነው» ተጽፎበታል። ነገሩ እስኪበርድ ወራት ፈጀ። መንግሥትም ጸሎቱ እንዲቀር ወይም ከመሃል ከተማ እንዲወጣ በጳጳሱ ላይ ጫና ያደርግ ነበር። እኔ ኃላፊውን አልፈርድበትም። በሩን ያልዘጋው እሱም ነው።

«ያ ማታ ንጹሕ ተአምር ነው»

ኦክቶበር 9 ቀን 1989፣ በእኛ መስከረም 29 ቀን 1982 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ከሁለት ቀን በፊት አገሪቱ 40ኛ ዓመቷን ስታከብር የወጣ ሰው ተደብድቧል። የከተማው ጋዜጣ ላይ አንድ የሚሊሻ አዛዥ «አስፈላጊ ከሆነ መሣሪያ ይዘን» የሚል ዛቻ ጽፏል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ቤይጂንግ ቲያናንመን አደባባይ ደም ፈስሷል፤ የምሥራቅ ጀርመን ፓርላማም የቻይናን መንግሥት ደግፎ ውሳኔ አሳልፏል። ስለዚህ ሰዉ የፈራው በምናብ አይደለም። ሐኪም ቤቶች ለቁስለኛ እንዲዘጋጁ ተነግሯቸዋል።

ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን ካድሬዎች ቤተ ክርስቲያኗን ሞሏት። ቦታ ይዘው ሌላው እንዳይገባ ነው የታዘዙት፤ ስድስት መቶ ይሆናሉ። ፉረር ፎቁን ዘግቶ አቆየው። ምክንያቱን ለካድሬዎቹ ሲነግራቸው «ወዛደሩ ከሥራ የሚወጣው ገና በ10 ሰዓት ነው፤ ለእሱም ቦታ ይቆይለት» አላቸው። ለወዛደር ፓርቲ አባላት ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል?

ያን ዕለት በአራት አብያተ ክርስቲያናት ተጸለየ። በየቦታው አንድ ጥሪ ተነበበ። ከፈረሙት ስድስት ሰዎች አንዱ የሙዚቃ መሪው ኩርት ማዙር ነው። ሦስቱ ደግሞ የገዢው ፓርቲ የላይፕዚግ ክፍለ ሀገር ኃላፊዎች ናቸው። ሰላም ይሁን፣ እንነጋገር የሚል ነው። ጥሪው በከተማው ድምፅ ማጉያዎችም ተሰማ። (ከስድስቱ አንዱ፣ የነገረ መለኮት ምሁሩ፣ የስታዚ ተባባሪ እንደነበር በኋላ ወጣ። ታሪክ እንዲህ ነው።)

ከጸሎት ሲወጡ አደባባዩ በሰው ተሞልቷል። ሰባ ሺህ ያህል ነበር። «የኃይል ድርጊት ይቅር!» ይላሉ። ብዙዎቹ ሻማ ይዘዋል። ፉረር በኋላ ደጋግሞ ያነሳው ነገር አለ፦ ሻማ ይዘህ ስትሄድ በአንዱ እጅህ ትይዘዋለህ፣ በሌላው ነፋሱን ትከልላለህ። ድንጋይ የሚያነሳ እጅ አይተርፍህም።

ጥይት ያልተተኮሰው ለምን እንደሆነ አንድ ምክንያት ብቻ የለም። ሕዝቡ ከታሰበው በላይ በዛ። በርሊን ስልክ ላይ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አልሰጠም። የሶቪየት ወታደር ከካምፑ አልወጣም። እነዚህን ትቶ «ጸሎት ብቻ» የሚል ታሪኩን ያሳጥረዋል። ግን ጸሎቱንም አውጥቶ መናገር አይቻልም። ያ ሁሉ ሰው አንድ መስኮት አልሰበረም፤ ለመተኮስ ሰበብ አልሰጠም። ሰባት ዓመት ሙሉ በየሰኞው «ጠላትህን ውደድ» ሲባል የቆየበት ቦታ ነው። ሁለት ወጣቶች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ሆነው በድብቅ ቀረጹት። ምስሉ ወደ ምዕራብ ሾልኮ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ታየ። ግንቡ የተከፈተው ልክ በወሩ፣ ኖቬምበር 9 ነው።

«ሉተራን ለመንግሥት መገዛትን ነው የሚያስተምረው»

ይህኛው መሠረት አለው። ሉተር በ1525 በገበሬዎቹ ዓመፅ ላይ የጻፈው ጨካኝ ነው። በሂትለር ዘመንም ከሉተራኖቹ ብዙዎች ዝም አሉ፣ አጨበጨቡም። ግን «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ» የሚለውን ይዘው የሞቱም አሉ። ሂትለርን የተቃወመው ጀርመናዊው ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ሚያዝያ 1945 ተሰቀለ። ከእኛ ዘንድ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲወጣ ታፍኖ ተገደለ። አስክሬኑ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያ ደርግ የምሥራቅ ጀርመን የቅርብ ወዳጅ ነበር።

«ግንቡ ሲፈርስ ጸሎቱም አበቃ»

አላበቃም። ሕዝቡ ግን ተበተነ፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ነፃነቱን ያገኘ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። ዛሬም ላይፕዚግ ውስጥ ክርስቲያኑ አናሳ ነው። ከውህደቱ በኋላ ፋብሪካው እየተዘጋ ሥራ አጡ ሲበዛ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ለሥራ አጦች መረዳጃ አቋቋመች። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሲመጣ ሰዉ እንደገና በብዛት ወጣ። በ2006 ሁለት የላይፕዚግ መሐንዲሶች ኢራቅ ውስጥ ሲታገቱ እስኪፈቱ ድረስ ተጸለየላቸው። በ2015 ስደተኛን የሚቃወሙ ሰልፈኞች የ1989ን መፈክር ነጥቀው በሰኞ መውጣት ጀመሩ። ከእነሱ በተቃራኒ የቆሙት ደግሞ ከጸሎት ተነስተው ሄዱ።

ፉረር በ2008 ጡረታ ወጣ፣ በ2014 አረፈ። ጸሎቱ አሁንም ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። አባል ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።