«ተነቧል፣ ወደ ኤክሴል ማውጣት ብቻ ነው የቀረው»

ሐምሌ በገባ ቁጥር ይህችን አባባል እሰማለሁ። «ደረሰኞቹ ስካን ተደርገው በማሽን ተነበዋል፣ ወደ ኤክሴል ማውጣት ብቻ ነው የቀረው።» ሂሳብ ሠራተኞች ይሉታል፣ ሥራ አስኪያጆች ይሉታል፣ ሶፍትዌር የሚሸጡትም ይሉታል። እኔን የምታናድደኝ «ብቻ» የምትለዋ ናት። ወረቀት ላይ ያለውን ማንበብ አንድ ሥራ ነው። የተነበበው የትኛው ኮለም ውስጥ፣ በምን መልክ ይግባ የሚለው ሌላ ሥራ ነው። እኔ ጋ እየተበላሸ የሚመጣው ባብዛኛው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያደክመኝ «ቁጥር የሚመስል ሁሉ ቁጥር ነው» የሚለው እምነት ነው። አይደለም። ቲን ቁጥርን (የግብር ከፋይ መለያውን) ከሌላ ቲን ጋር የሚደምር ሰው የለም። ስልክ ቁጥርን የሚያባዛ የለም። እነዚህ በአሃዝ የተጻፉ ስሞች ናቸው። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። 0012345678 ብላችሁ ስትሰጡት ፊት ያሉትን ሁለት ዜሮዎች ትርጉም የላቸውም ብሎ ይጥላቸዋል። የሚቀረው 12345678 ነው። 09 ብሎ የሚጀምር ስልክም በ9 ይጀምራል።

አምና አንድ ደንበኛዬ ስድስት መቶ ገደማ የግዢ ደረሰኝ በዚህ መልክ አወጣ። ቲኖቹን ከአቅራቢዎች ዝርዝር ጋር ሳስተያይ ግማሹ አልገጠመም። ሂሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ ዜሮ በእጇ ጨመረች፤ ለሁሉም ሁለት ሁለት። አንድ ዜሮ ብቻ የጎደላቸው ግን ነበሩ፤ እነሱ 11 አሃዝ ሆነው ቁጭ አሉ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ማንም ስላልነገራት ነው። ቲን 10 አሃዝ መሆኑ ስለሚታወቅ ይህ ይታረማል። 10 እስኪሞላ ከፊቱ ዜሮ የሚሞላ ቀመር መጻፍ በቂ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የማይታረመው ሌላው ነው። ኤክሴል አንድን ቁጥር በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ድረስ ነው። ከዚያ የተረፈውን በዜሮ ይተካዋል። የፋይዳ ካርድ ላይ የሚታተመው ቁጥር ደግሞ 16 አሃዝ ነው። እንደ ቁጥር ከገባ መጨረሻው ዜሮ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ አይወጣም፣ ቀይ ምልክት አይታይም። ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ ትክክለኛው አሃዝ እዚያ ውስጥ የለም፤ ያለው አማራጭ ወደ ካርዱ ተመልሶ ማየት ነው። የሠራተኞች መረጃ በዚህ መልክ ሲመጣልኝ ከልቤ አዝናለሁ።

የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ስለሆነ ከዚህ ይተርፋል። ኤክሴል ሲያሳጥረውና የላቲን ፊደል መሃሉ ሲሰነቅርበት ሰው ይደነግጣል እንጂ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ነገር ግን እንደዚያ እያሳየ ሳለ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት የሚጻፈው የሚታየው ነው። ያኔ የምር ጠፋ።

ስለዚህ ኮለሙን ቴክስት (ጽሑፍ) አድርጉት፣ ያውም ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት። ከገባ በኋላ ፎርማቱን መቀየር የጠፋውን አይመልስም። ሲኤስቪ ፋይልን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። መጀመሪያ ኤክሴልን ክፈቱ፣ ዳታ በሚለው በኩል ፋይሉን አስገቡ፣ የቱ ኮለም ቴክስት እንደሆነ እዚያው ምረጡለት። አማርኛው እንግዳ ምልክት ሆኖ ሲመጣም ስካነሩን አትውቀሱ። ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ መጻፉን አላወቀም፤ እዚያው ማስገቢያው ላይ ይመረጣል።

«ትልልቅ ተቋማት እንዲህ አይሳሳቱም» የሚለኝ አለ። «ማርች1» የሚባል የሰው ዘረመል (ጂን) ነበር፤ ኤክሴል ስሙን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ በ2020 እ.ኤ.አ. የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሙን ራሱን «ማርችኤፍ1» አደረገው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው ነበር። መረጃው የተጫነበት የድሮው ኤክሴል ፎርማት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም።

«ቀንን ኤክሴል ራሱ ያውቃል።» የኛን አያውቅም። በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ጳጉሜ 3 ቀን 2015 «03/13/2015» ተብሎ ተቀምጧል እንበል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ የፈረንጆቹ ማርች 13 ያደርገዋል። ጥቅምት 30 ደግሞ «30/02» ስለሆነ፣ 30ኛ ወርም ስለሌለ፣ ፌብሩዋሪም 30 ስለሌላት ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ። እኔ ሁለት ኮለም እከፍታለሁ፤ አንዱ ደረሰኙ ላይ እንዳለው በቴክስት፣ ሁለተኛው ወደ ፈረንጅ የተቀየረው።

ባዶ ሴል ዜሮ አይደለም። ቫቱ ያልተነበበ ደረሰኝና ቫት የሌለው ደረሰኝ ይለያያሉ።

በስም ማዛመድም አይሆንም። ያው አቅራቢ አንዱ ደረሰኝ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ነው፤ ለኤክሴል ሁለት ሰው ናቸው። በቲን አዛምዱ። የሰው ስም ከሆነ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ኮለም ክፈቱ። ፈረንጅ ፎርም ላይ ያለውን «የመጨረሻ ስም» የሚሞላ አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ይገባል።

«ጠቅላላ ማለት ጠቅላላ ነው» የሚለውም ገንዘብ ያስከፍላል። አንዱ ደረሰኝ ላይ ጠቅላላ ከቫት በፊት ያለው ነው፣ ሌላው ላይ ቫት ተጨምሮበት ነው። 1,150 ብር ቫትን ጨምሮ ከሆነ ቫቱ 150 ነው። ከቫት በፊት ነው ብላችሁ በ15 በመቶ ካሰባችሁት 172.50 ይመጣል። በአንድ ደረሰኝ 22.50 ብር ልዩነት። አምስት ዕቃ ያለበትን ደረሰኝ በአምስት ረድፍ አውጥታችሁ ጠቅላላውን አምስቴ ከደገማችሁት ደግሞ ድምሩ አምስት እጥፍ ይሆናል። የዕቃው ዝርዝር ለብቻው ሺት፣ ደረሰኙ ለብቻው ሺት ይሁን።

ሦስት ኮለም ይኑራችሁ፦ ከቫት በፊት፣ ቫት፣ ከቫት ጋር። ሦስቱም ከወረቀቱ ይነበቡ፣ አንዱም በቀመር አይሞላ። አራተኛው ኮለም ላይ ሁለቱ ተደምረው ሦስተኛውን መስጠታቸውን አረጋግጡ። ከገንዘቡ ላይ ማሽኑ 3ን 8 አድርጎ ያነበበው ባብዛኛው እዚህ ይያዛል። አምስተኛው ኮለም ላይ የፎቶውን ፋይል ስም አስገቡ፣ ያልገጠመውን ደረሰኝ ከክምሩ ውስጥ ስትፈልጉ እንዳትውሉ።